ያልተደገመው ልኬት

ሲስተር ከትምህርት በተመለሰች ሰሞን ጤና ጣቢያው ለብቻዋ ክፍል ሰጣት። ክፍሉ ቀድሞ የተሰባበሩ አልጋዎች የሚከማቹበት ነበር። አጥበው፣ ቀለም ቀብተው፣ በሩ ላይ «ስፔሻሊስት ነርስ» የሚል ጽሑፍ ለጠፉበት። ዕድሜዋን መርፌ ስትወጋ፣ ቁስል ስታጥብ፣ የሐኪም ትእዛዝ ስትፈጽም የኖረች ሴት አሁን ራሷ ትመረምራለች፣ ራሷ ላቦራቶሪ ትልካለች፣ የደም ብዛትና የስኳር መድኃኒት ራሷ ትጀምራለች፣ ትቀንሳለች፣ ትጨምራለች። ከዚያ ያለፈውን ብቻ ወደ ዶክተሩ ታስተላልፋለች። ሕግ ብዕር ሰጣት፤ በስሟ የተቀረጸ ማኅተምም ጨመረላት።

ነገሩ ለሁሉም ወዲያው አልተዋጠም። አንድ ጡረተኛ አዛውንት ማዘዣውን ገልብጠው ገልብጠው አዩና፣ «ልጄ፣ መድኃኒቱ የዶክተር ፊርማ ካላየ አልሠራም ይል ይሆን?» አሏት። እሷም ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። በቀጠሯቸው ሲመለሱ ግፊታቸው ወርዶ ነበር። «ለካ ክኒን ፊደል አልቆጠረም!» ብለው ወጡ።

ባሏ አናጢ ነው። የታካሚውን ወንበር እሱ ሠርቶ አመጣላት። የእሱ ሥራ ከሌላው አናጢ ሥራ የሚለየው በጠርዙ ነው፤ ጠረጴዛም ይሁን አልጋ፣ ማዕዘኑን ሳያደበለብል፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ እንደ ወንዝ ድንጋይ ሳያለሰልስ ከእጁ አይወጣም። በተጋቡ ሰሞን ለምን እንደሆነ ጠይቃው፣ «ያንቺ ጉልበት እንዳይላጥ ነዋ!» ብሏት ነበር። ይህችን መልስ እንደ ጌጥ ይዛት ኖረች። ሰው ቤት ገብታ የጠረጴዛ ጥግ ጭኗን በነካት ቁጥር፣ በሆዷ «የኔ ባል ቢሆን ኖሮ» ትላለች።

ልብስ ሰፊዋ የመጣችው እንግዲህ ያኔ ነው። ረዥም ሴት ናት፤ ሽበቷን አልደበቀችውም፤ የለበሰችው ቀሚስ ግን ከሰውነቷ ጋር አብሮ የተወለደ ይመስላል። የአንገትጌዋ ጫፍ ላይ ረስታ የተወቻቸው ሁለት ስፒሎች ነበሩ። ወደ ከተማው ከተመለሰች ገና አጭር ጊዜዋ መሆኑን ተናገረች። ራስ ምታት አስቸግሯት ስትለካ ደም ብዛት ተገኝቶባታል።

«ይቀመጡ» አለቻት ሲስተር።

«አንቱታውን ተዪው እባክሽ፤ እኩያሞች ነን። ደም ብዛት ላይ ዕድሜ አትጨምሪብኝ።»

ሲስተር ወደደቻት። እውነቱ ይኼ ነው፤ መጀመሪያ ወደደቻት። እግሯን እንዳታነባብር፣ ጀርባዋን እንድትደገፍ ነገረቻትና ለካቻት። ከዚያ ትንሽ አሳርፋ ልትደግም ጠበቀች። በትምህርት ቤት የሥነ ምግባርና የክሊኒክ ሥራ ያስተማረቻቸው አንዲት ቀጭን አስተማሪ «አንድ ልኬት ወሬ ነው፤ ሁለት ልኬት ምስክር ነው» ትላቸው ነበር። ሲስተር ይህን አጓድላ አታውቅም።

በዚያች የዕረፍት ጊዜ ልብስ ሰፊዋ እጇን በወንበሩ ክንድ ላይ ስታመላልስ ቆየችና፣ «ይሄን ማን ሠራው?» አለች።

ሲስተር ቤቷንና ሥራዋን መቀላቀል ስለማትወድ፣ «እዚሁ ያለ አናጢ ነው» ብላ አለፈችው።

«እንዲህ ጠርዝ የሚያደበለብል አንድ ልጅ አውቅ ነበር፤ ድሮ፣ ጠና ሳንል። የሱ መሥሪያና የኔ ስፌት ቤት ጎን ለጎን ነበሩ። አንድ ቀን የሙሽራ ልብስ ሰፍቼ ላሳየው እየሮጥኩ ስገባ የጠረጴዛው ጥግ ያዘኝና ልብሱ ዘርርር አለ። አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ያገኘውን ጥግ ሁሉ መላግ ሆነ ሥራው። ‹አንቺ የምትነኪው ነገር ስለት አይኑረው› አለኝ።» ፈገግ አለች። «ቀልድ ነፍሱ ነበር። ብቻ አንድም ቀልድ ጨርሶ አያውቅም፤ ሳይጨርሰው እሱ ቀድሞ ይስቃል።»

 በዚህ ዓለም ላይ ቀልዱን ሳይጨርስ የሚስቅ፣ ጠርዝ የሚያደበለብል አናጢ ሁለት ሊኖር አይችልም።

«ታዲያ ምን ለያያችሁ?» አለች። ዓይኗን ግን ከመለኪያው አላነሳችም።

«ምንም። እናቴ ታመመችና ለሕክምና ሌላ ከተማ ይዣት ሄድኩ። እኔም ‹ጠብቀኝ› ማለት አፈርኩ፤ እሱም ‹ልከተልሽ› ማለት አፈረ። እንዲሁ ተፋፍረን ቀረን።»

ተጣልተው ቢሆን ይሻል ነበር። በጥል ያለቀ ፍቅር አመዱ ይታያል። በማፈር የተቋረጠ ግን የት እንደቆመ ማን ያውቃል?

ሲስተር ያኔ ማለት የነበረባት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ «ይቅርታ፣ የምታወሪው ሰው ባሌ ሳይሆን አይቀርምና ሌላ ባለሙያ ብታይሽ ይሻላል።» ይኼን አስተማሪዋ አስተምራታለች፤ ከታካሚ ጋር ሌላ ገመድ ካለ ገመዱን መናገር ወይም ታካሚውን ማሳለፍ። በፈተናም መጥቶባት በደንብ መልሳለች። ከእሷ ቀጥላ የሠለጠነች ወጣት ነርስም በጎን ባለው ክፍል ሥራ ጀምራ ነበር፤ ማሳለፍ ቀላል ነበር። ግን አልተናገረችም። ካሳለፈቻት ወሬውም አብሮ ሊያልፋት ነው። መድኃኒት አዘዘችላት፤ በወር መሆን የነበረበትን ቀጠሮም በሳምንት አደረገችው።

ማታ ቤት ገብታ ራት ሲበሉ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣቷ ታመላልስ ጀመር።

«ለምንድነው ግን ጠርዝ የምታደበለብለው?»

«ያንቺ ጉልበት እንዳይ…» ብሎ ሳቁ ቀደመው።

«ከኔ በፊትስ የማን ጉልበት ነበር?»

ጉርሻውን እንደያዘ ቀና አለ። «ምን ሆነሻል ዛሬ?»

«ምንም።»

ምን ትበል? ከማን ሰማሁ ትበል? ታካሚ ክፍሏ ገብታ የተናገረችው ነገር ከክፍሉ አይወጣም፤ ይኼን ሕግ የጣሰ ብዕሩን ያስቀምጣል። ሌላ ሴት ብትሆን በቀናች ዕለት ትጮሃለች፣ ታኮርፋለች፣ እናቷ ቤት ትሄዳለች። የሲስተር ቅናት ግን መውጫ በር አጣ። ውስጧ ተቀምጦ እዚያው ይፈላል። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ አድጋ ለትምህርት ሌላ ከተማ የሄደችው ልጃቸው ተኝታ ያደገችበት ትንሹ አልጋ ሳይቀር፣ ሁሉም ጠርዙ ድብልብል ነው። ቤቷን ዞራ ዞራ አየችውና የሰው ቤት የተከራየች መሰላት።

ልብስ ሰፊዋ በሳምንቱ መጣች፤ ከዚያም በሚቀጥለው። ግፊቷ እየተስተካከለ ሄደ። ሲስተር በሥራዋ አላጓደለችም፤ እግሯ ማበጡን ታያለች፣ ስለ ጨው ትመክራለች፣ ሁለቴ ትለካለች። ከዚያ እንደ ዘበት፣ «ያ አናጢሽስ?» ትላለች። ልብስ ሰፊዋም ታወራለች። ቀለል ብሏት ታወራለች። «እኔ’ኮ ክኒኑ ሳይሆን ካንቺ ጋር ማውራቴ ነው ደሜን የሚያወርደው» ትላለች። ሲስተርም ጥርሷን እያሳየች፣ አንጀቷ እያረረ ትሰማለች።

የልብስ ሰፊዋ ቀጠሮ ሲደርስ ሲስተር ከነጭ ጋወኗ ሥር ደህናውን ቀሚሷን መልበስ ጀመረች። ለምን እንደሆነ ራሷን አልጠየቀችም። ልብስ ሰፊዋ ግን ዓይኗ ስለት ነው፤ ገና ስትገባ፣ «ትከሻው ላይ ሰፍቶሻል። አምጪውና ላጥብብልሽ፤ አላስከፍልሽም» አለቻት።

«ከታካሚ ስጦታ አንቀበልም» አለች ሲስተር፤ ፊቷ ፍም መሰለ።

«ስጦታ አይደለም’ኮ፤ መርፌና ክር ነው።»

«ቢሆንም ደንቡ አይፈቅድም።»

ደንብ! ራሷም ሰማችው። ትንሿን ደንብ ጠብቃ ትልቁን ስትረግጥ ጆሮዋ ራሱ አፈረባት። ዝም ብላ ግን ቀጠለች።

አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ሳታንኳኳ ገባች። እያለከለከች ነበር።

«አገኘሁት ሲስተር! ሱቁን አገኘሁት። መስኮቱ ላይ ቆሜ አየሁት፤ ሸብቷል፣ እርሳሱን ግን ያው ጆሮው ላይ ነው የሚሰካው። አልገባሁም፤ እግሬ እምቢ አለኝ። ሚስት እንዳለው ሰምቻለሁ። ትዳር ልበጥብጥ አይደለም ደግሞ፤ በዚህ ዕድሜዬ! እናቴ ስታርፍ አደራ ብላኛለች። ያኔ ስትታመም መኪና እስኪገኝ ተሸክሟት የሄደው እሱ ነበር። ‹ያንን ልጅ ሳላመሰግነው ሞትኩ፤ አመስግኚልኝ› አለችኝ። ላመሰግነው ብቻ ነው። ግን ልቤ እንዲህ ስትመታ ፈራሁ። ልሂድ? አንቺ ካልሽኝ እሄዳለሁ።»

ሲስተር መለኪያውን ክንዷ ላይ አሰረች። ሴትዮዋ ገና ትንፋሿ አልተመለሰም፤ እግሯን አነባብራለች፤ አሁንም ታወራለች። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ወጣ። ማሳረፍ፣ ዝም ማሰኘት፣ መድገም ነበረባት። ያን ያህል ጊዜ ግን ከዚህች ሴት ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አልቻለችም። እንድትወጣላት ብቻ ፈለገች።

«ግፊትሽ ጨምሯል። መድኃኒቱን ከፍ አደርገዋለሁ» አለች። ጻፈች። ማኅተሙንም አሳረፈችበት። ከዚያ ቀና ብላ ሳታያት፣ «እንደ ሐኪምሽ የምመክርሽ፣ አትሂጂ። ለልብሽ ጥሩ አይደለም» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ትከሻዋ ወደቀ። «አንቺ ካልሽ እንግዲህ… ሐኪም ነሽ» አለችና ማዘዣዋን አጥፋ ወጣች።

የዚያን ዕለት ሲስተር ወደ ቤቷ ስትሄድ ቀለል ብሏት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ባሏን በደህና ፊት ተቀበለችው። ስቃም አጫወተችው። ቅናት ሲጠግብ ደግነት ይመስላል።

ብዙም ሳይቆይ ልብስ ሰፊዋን ደንበኞቿ ደግፈው ጤና ጣቢያ አመጧት። ከስፌት መኪናዋ ብድግ ስትል ዓይኗ ጨልሞባት ወድቃ፣ አንጓዋ ተሰብሯል። የቀኝ እጇ ነው፤ የምትቆርጥበት። ዶክተሩ አስተኝቶ ለካት፤ አስቁሞ ለካት። ስትቆም ግፊቷ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ሲስተርን ወደ ጥግ ጠራት።

«ለምን ጨመርሽው?»

«ከፍ ብሎ ነበር።»

«ስንቴ ለካሽ?»

«አንዴ።»

ዶክተሩ አየት አደረጋት። ክፉ ሰው አይደለም፤ አጭር ሰው ነው፣ በቁመትም በንግግርም። «አንቺ አንዴ አትለኪም ነበር» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለማንኛውም መጠኑ ከመመሪያ አልወጣም፤ በሥልጣንሽ ውስጥ ነው። በኔም ስንቴ ደርሷል። መልሰሽ ቀንሺውና እለፊው፤ ማንም አይጠይቅሽም» አላት።

ሲስተር ወደ አልጋው ተመለሰች። ልብስ ሰፊዋ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ባልተሰበረው እጇ ያዘቻት። «አትደንግጪ ሲስተር፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ቁርስ ሳልቀምስ ነው የዋልኩት። አንቺማ ምን አጠፋሽ!»

ከስድብ ሁሉ ይኼ በለጠ። ሲስተር የያዛትን እጅ ቀስ ብላ አላቅቃ ወደ ነርሶቹ ኃላፊ፣ ወደ ማትሮኗ ቢሮ ሄደች።

ማትሮኗ ነርሶቹን ሁሉ ያሳደገች፣ ወገቧ የጎበጠ፣ ምላሷ ግን ያልጎበጠ ሴት ናት። ሲስተር ቆማ ሁሉንም ነገረቻት፤ ወንበሩን፣ ጠርዙን፣ ያሳጠረችውን ቀጠሮ፣ ያልደገመችውን ልኬት፣ «አትሂጂ» ያለችውን ምክር። ማትሮኗ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይቺን ብዕር ለማምጣት የስንት ባለሥልጣን ደጅ ጠንተናል፤ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ዶክተር ሲያጠፋ ‹እገሌ አጠፋ› ይባላል። ነርስ ስታጠፋ ግን ‹ነርሶች አጠፉ› ነው። ያንቺ ጥፋት በሁላችንም ደጅ ነው የሚጣለው።»

«አውቃለሁ።»

«ዶክተሩ እለፊው ብሎሻል። ማንም አያውቅም። ታዲያ ለምን መጣሽ?»

ሲስተርም፣ «‹ጥፋቱ የኔ ነው› አለችኝ’ኮ» አለች፤ እንባዋም መጣ።

 «በመቅናትሽ አልፈርድብሽም» አለች ማትሮኗ። «እኔም ባል ነበረኝ። ግን እቤትሽ ትቀኛለሽ እንጂ ማኅተም ይዘሽ አትቀኚም። ለሥነ ምግባር ኮሚቴው አስታውቃለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሴትዮዋ መስማት አለባት። ማን ይንገራት?»

«እኔ።»

«ብቻሽን አይሆንም። እኔም እቀመጣለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ እጇ በጄሶ ታስሮ፣ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ሰማቻቸው። ሲስተር «ያ አናጢ ባሌ ነው» ስትል መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቷ ወረደ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ከመጀመሪያው ቀን» አለች፤ ቃሉን እንደ ጨርቅ ዘርግታ የምታየው ይመስል። «ታዲያ ያን ሁሉ ስለፈልፍ… ‹ያ አናጢሽስ› እያልሽ…» አቋረጠችው። «ክኒኑን ይቅር እልሻለሁ። ሰው ነሽ፤ ትሳሳቻለሽ። እጄም ይጠገናል። የእናቴን አደራ ግን ያስቀረሽብኝ ለራስሽ ብለሽ ነው። ‹እንደ ሐኪምሽ› አልሽኝ። እንደ ሚስቱ ብትዪኝ’ኮ ይገባኝ ነበር! ‹ቀንቻለሁና አትሂጂብኝ› ብትዪኝ፣ እውነቴን ነው፣ እቀር ነበር።»

ሲስተር «ይቅርታ» አለች። 

«እከስሻለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ወደ ማትሮኗ ዞራም፣ «የት ነው የሚከሰሰው?» ብላ ጠየቀች። ማትሮኗም ሳትሸሽግ ነገረቻት፤ በግራ እጇ መጻፍ ስለማትችል የምትጽፍላት ሰው ራሷ አገኘችላት።

የሙያ ሥነ ምግባር ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ስለ መድኃኒቱ ብዙ ጠየቋት፤ ስለ መጠኑ፣ ስለ መመሪያው፣ ስለ ሥልጣኗ ወሰን። ሁሉንም መለሰች። ሦስተኛው፣ የሕግ ባለሙያው፣ በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«በዚያ ወንበር ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱን ይጨምሩ ነበር?»

ሲስተር አሰበች። «አይ» ብትል ሆን ብላ ጎዳቻት ማለት ነው፤ ያ ውሸት ነው። «አዎ» ብትል ደግሞ ንጹህ ነኝ ማለት ነው፤ ያም ውሸት ነው።

«አላውቅም» አለች።

«እዚህ ያመጣዎት መጠኑ አይደለም» አላት ሰውየው፤ ሳይቆጣ። «ይሄ ‹አላውቅም› ነው። ታካሚ ክንዱን የሚሰጥዎት፣ ለማን ብለው እንደሚያዙለት እርስዎ የሚያውቁ መስሎት ነው።»

ማኅተሟን ለስድስት ወር ያዙባት። እስከዚያ በዶክተሩ ሥር ሆና ታገለግላለች፤ ከዚያም በኋላ ልብስ ሰፊዋን አታክምም። ሲስተር ወደ ቁስል ማጠቢያው ክፍል ተመለሰች። ታካሚዎቿ «ምን ሆንሽ?» ሲሏት «ሥራ ቀየርኩ» ትላለች። የሚያሽሟጥጥም አልጠፋም፤ «ወጣች ወጣችና እንደ ሸምበቆ» የሚል ቃል ጆሮዋ ደርሷል።

ለባሏ የነገረችው ግማሹን ነበር። «ታካሚ ጎዳሁ። መድገም ሲገባኝ ሳልደግም ለካሁ» አለችው። እሱም አቅፎ፣ «አይዞሽ፣ ሰው አይደለሽ እንዴ» አላት። ማቀፉ እንደ እሾህ ወጋት። ቀሪው ግን የሷ አልነበረም፤ የታካሚ ነው።

የልብስ ሰፊዋ ጄሶ የተፈታ ሰሞን ባሏ ሱቁን በጊዜ ዘግቶ መጣ። ገና ፀሐይ አልገባችም። ሲስተር በረንዳው ላይ ልብስ እያጠፈች ነበር። ጎኗ ተቀመጠ።

«ዛሬ ሰው መጣብኝ» አለ። «ድሮ የማውቃት ሴት። የእናቷን አደራ አደረሰችኝ።»

ሲስተር የያዘችውን አንሶላ ጭኗ ላይ አኖረችው።

«ሌላም ነገረችኝ። እጇን ምን እንደሰበረው ስጠይቃት ነገረችኝ።»

«እኔ ልነግርህ አልችልም ነበር» አለች ፈጥና። «ታካሚዬ ነበረች። ሕጉ…»

«የሷን ምስጢር መጠበቅሽ ልክ ነው። በዚህ አልወቅስሽም።» ዞሮ አያት፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ያንቺንም ምስጢር ሕጉ ነው የከለከለሽ?»

«እኔ ምን ምስጢር አለኝ?»

«መቅናትሽ።»

 ያን ሁሉ ጊዜ አፌ በሕግ ታትሟል ስትል፣ ለካ ሕጉ ያተመው የሴትዮዋን ስምና የሴትዮዋን ነገር ብቻ ነው። የራሷን ሆድ ማንም አላተመባትም። «ቀናሁ» ለማለት የማንንም ስም መጥራት አያስፈልግም ነበር።

«ጠርዙን በሷ ምክንያት ነው የጀመርከው?» አለች በመጨረሻ።

«አዎ» አለ። «በሷ ምክንያት ጀመርኩ። ልጅ ነበርኩ። አንቺ ስትጠይቂኝ ግን የማየው ያንቺን ጉልበት ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ብቻ ነው የነገርኩሽ። እኔም ፈርቼ ነው መሰለኝ።»

አላቀፋትም። እሷም አላለቀሰችም። እየመሸ ሲሄድ ሁሉንም ነገረችው፤ የሴትዮዋን ሳይሆን የራሷን። ደህናውን ቀሚሷን መልበሷን፣ የልጃቸውን አልጋ ስታይ ቤቱ እንዳስጠላት፣ አንድ ቀን ሽበቱን በሌላ ሰው ዓይን አይታ ባሏን እንደ አዲስ እንደተመኘችው።  አንዴ ብቻ፣ ቀሚሱ ጋ ስትደርስ፣ ሊስቅ ብሎ አፉን ያዘ። ጥቂት ሳምንት ግን ቤታቸው ቅዝቅዝ ብሎ ሰነበተ፤ በአንድ ምሽት ወሬ የሚጠገን ነገር አልነበረም።

ስድስቱ ወር አልፎ ማኅተሟ ተመለሰላት። ክፍሏም ያው ክፍል ነው። የመጀመሪያ ቀን ለያንዳንዱ ታካሚ ሦስት ሦስት ጊዜ ስትለካ ወረፋው ተጠራቅሞ ዶክተሩ ሊቆጣት መጣ። ልብስ ሰፊዋ አሁን የምትታከመው በጎን ክፍል፣ በወጣቷ ነርስ ዘንድ ነው። ኮሪደር ላይ ከሲስተር ጋር ሲገጣጠሙ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ትሰጣለች፤ አትቆምም። አንድ ቀን ወጣቷ ነርስ ታማ ቀረች። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ፣ «ሲስተር አለች’ኮ፤ እሷ ትይሽ» ስትላት፣ ልብስ ሰፊዋ «ነገ እመለሳለሁ» ብላ ሄደች። ሲስተር በተከፈተው በር ሰማቻት። ቅር አላላትም፤ ታካሚ የምታምነውን የመምረጥ መብት አላት።

በሚቀጥለው ቀን ግን፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ክንዷን ዘርግታ ሁለተኛውን ልኬት ስትጠብቅ፣ ከግድግዳው ማዶ የልብስ ሰፊዋ ድምፅ ተሰማ። ቃሉ አይለይም፤ ዜማው ብቻ ነው የሚሰማው። የምታወራው ድሮ እዚህ ወንበር ላይ እንደምታወራው ነው፤ ቀለል ብሏት፣ እየተፍለቀለቀች። ወጣቷ ነርስ ከልቧ ሳቀች።  ሲስተር እንደገና ቀናች፤ አሁን ግን በባሏ አልነበረም።

ማታ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «ዛሬ ደግሞ ቀናሁ» አለችው።

ባሏ ከሚያነበው ጋዜጣ ቀና አለ። «በማን?»

«እሱን አልነግርህም።»

«ኧረ ምን ጉድ ነው!» ብሎ ጋዜጣውን አጠፈና ጎኑ ያለውን ወንበር ሳብ አደረገላት። «እሺ፣ ስሙን ተዪውና ቅናቱን አውሪኝ።»